ተራ የሚጠብቀው ምን ይሠራል? ጠባብ ቦታ ስለሚበቃው ተወርዋሪ ሮለር ኮስተር የቀረበ ሂስ

1. የጥያቄው መነሻ

ስለ ቅኔ፣ ስለ ቴአትር ወይም ስለ ሥዕል ሂስ ቢጻፍ የሚደነቅ የለም። ስለ መጫወቻ መኪና ሂስ ሊጻፍ ይገባል ቢባል ግን ብዙ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። ሆኖም ሰው ለጨዋታው ብሎ የሚያቆመው ነገር እንደ ቤቱና እንደ ድልድዩ ሁሉ የታሰበበት ሥራ ነው። የታሰበበት ሥራ ከሆነ ዘንድ ምን ሊያደርግ እንደ ተነሣ፣ ምን እንደ ተሳካለት፣ ምንስ እንደ ጐደለው መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ፕሪሚየር ራይድስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የነደፈውን ስካይ ሮኬት 2 የተሰኘ ሮለር ኮስተር ነው። ሮለር ኮስተር ማለት ሰው ተሳፍሮበት በተጣመመ ሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጥ የመጫወቻ ባቡር ነው። ቴአትር መድረክ ላይ ሳይወጣ በጽሑፉ ሊመረመር እንደሚቻል ሁሉ፣ እኔም የማየው የዚህን ባቡር ንድፍ ነው፤ ይኸውም የሐዲዱን ቅርጽ፣ የኀይሉን አሰጣጥና ለሰው የመደበለትን ሥራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ነገር ለአቃቂ ቃሊቲ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አቃቂ በምድር ባቡር፣ በፋብሪካና በመጋዘን የታወቀ ሠፈር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ አልፎ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2015፣ የከተማው ቀላል ባቡር የደቡብ መድረሻውን ቃሊቲ ላይ አደረገ። ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ለመዝናናት የሚወርደው ሰውም በነባሩ መንገድ ሲሄድ አቃቂን አቋርጦ ያልፋል። አቃቂ እንግዲህ ሌላው ሊጫወት ሲሄድ የሚያልፍበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። በ2019 የአንድነት ፓርክ፣ በ2020 ደግሞ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች በከተማው መሐልና ሰሜን ሲከፈቱ፣ ሕዝብ ስለሚጫወትበት ቦታ መነጋገር የከተማው ዋና ጉዳይ ሆነ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ዛሬም ሆነ ነገ ወደ ደቡቡ ዳርቻ መምጣቱ አይቀርም። በመጣ ጊዜ ውሳኔው በሻጭ መጽሔት ላይ ባለ ሥዕል ብቻ እንዳይወሰን፣ አስቀድሞ መለኪያ ማበጀት ይጠቅማል።

መለኪያውን ከሩቅ አላመጣሁትም። ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በመጫኛ ወይም በገመድ የሚታሰረው ዥዋዥዌ ነው። ይህን የመረጥሁት የአገር ልማድ ነውና ይበልጣል ለማለት አይደለም። ስካይ ሮኬት 2ን ልብ ብሎ ለተመለከተው ራሱ ዥዋዥዌ ሆኖ ስለሚገኝ ነው።

2. ሐዲዱ ዥዋዥዌ የሆነበት መንገድ

የሮለር ኮስተር ታሪክ የሚጀምረው ከመውረድ ነው። በሩሲያ፣ በተለይም በሴንት ፒተርስበርግ አካባቢ፣ ሰዎች ከእንጨት በተሠራና በረዶ በለበሰ ከፍታ ላይ እየተንሸራተቱ ይጫወቱ ነበር። በ1884 ላማርከስ ቶምሰን የተባለው አሜሪካዊ በኒው ዮርክ፣ በኮኒ አይላንድ፣ ባለ ሐዲድ መጫወቻ ከፈተ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ሥራዎች በአንድ ሥርዐት ተሠሩ፤ ባቡሩ በሰንሰለት ተስቦ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚሮጠው በወጣበት ከፍታ ነው። ከፍታው ገንዘብ እንደ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ይጠራቀማል፣ ኋላ በየጠመዝማዛው ይመነዘራል።

ይህ ሥርዐት ሰፊ መሬት ይፈልጋል። ረዥም የመውጫ ሐዲድ ያስፈልገዋል፤ ያ ሁሉ ከፍታ የሚመነዘርበትም ሜዳ ያሻል። መሬት ውድ በሆነበት ቦታ ሌላ መላ አስፈለገ። መላውም ባቡሩን መጐተት ትቶ መወርወር ሆነ። በ1977 ጀርመናዊው አንቶን ሽዋርትስኮፍ በሠራው ሥራ ከማማ ላይ የሚወድቅ ከባድ ክብደት በገመድ ባቡሩን ስቦ ይወረውረው ነበር። በ1978 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ሞንቴዙማስ ሪቬንጅ ደግሞ በሞተር ቀስ በቀስ እየተፋጠነ ኀይል በሚያጠራቅም ከባድ የብረት ጎማ ተወረወረ። በ1996 ፕሪሚየር ራይድስ ፍላይት ኦቭ ፊር በተባለው ሥራው ሊኒየር ሞተር የሚባለውን አመጣ። የዚህን ሞተር ጠባይ ለመረዳት ክብ የሆነውን የኤሌክትሪክ ሞተር ሆዱን ቈርጦ እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ መዘርጋትን ማሰብ ይበቃል። ክብ ሳለ ዘንግ ያሽከረክር የነበረው የማግኔት ኀይል፣ ተዘርግቶ ሳለ ባቡሩን ወደ ፊት ይነዳል። የሚነካካ ነገር የለም፤ ገመድም ሰንሰለትም የለም።

ስካይ ሮኬት 2 የዚህ ታሪክ ልጅ ነው። የሐዲዱ ርዝመት 263 ሜትር ያህል፣ ከፍታው 46 ሜትር ያህል፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርዝመቱ ከከፍታው ስድስት እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ መሬት ላይ ከመዘርጋት ይልቅ ቀጥ ብሎ የቆመ ሥራ መሆኑ ከዚህ ይታያል። ጨዋታው በጠቅላላው አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

የደቂቃዋ አካሄድ እንዲህ ነው። ባቡሩ መጀመሪያ ወደ ፊት ይገፋል። ግፊቱ ግን ጫፍ ላይ የሚያደርስ አይደለም፤ ባቡሩ ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ ጥቂት ወጥቶ ይዝላል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። በመነሻው ሲያልፍ ወደ ኋላ እንደገና ይገፋል፤ ከበስተጀርባ ባለው ሌላ ሐዲድ ላይ ከፊተኛው ይልቅ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ይዝላል፣ ይመለሳል። ሦስተኛው ግፊት ሲጨመርበት በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሽቅብ ይተኰሳል፤ ከጫፉም ይደርሳል። እዚያ ላይ ዝግ ብሎ ተሳፋሪዎቹን ዘቅዝቆ ይገለብጣል፣ ከዚያም ቁልቁል ወርዶ ወደ መነሻው ይገባል።

እንግዲህ አንድ ልጅ በዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሌላው ሲገፋው የሚሆነው ነገር ይኸው ነው። የመጀመሪያው ግፊት ጥቂት ያወጣዋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመጣ በጊዜው የሚገፋው ሰው ከፍታውን ይጨምርለታል። በአንድ ግፊት ከቅርንጫፉ ጋር የሚያስተካክል ጐበዝ የለም፤ ደጋግሞና ጊዜውን ጠብቆ የሚገፋ ግን ያስተካክላል። የስካይ ሮኬት 2 ዋና ሐሳብ ይህ ነው። ረዥም ሐዲድ ዘርግቶ በአንድ ትልቅ ግፊት ከመወርወር ይልቅ፣ በአንዲት አጭር ሐዲድ ላይ ሦስት ጊዜ እየተመላለሱ መግፋት። ቦታ የቈጠበው በዚህ መላ ነው።

3. ገፊው ማን ነው?

የገፊውን ማንነት ለማወቅ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ባቡሩ ከነተሳፋሪዎቹ 8 ቶን ይመዝናል ብለን ለስሌት ያህል እንነሣ። ይህን ክብደት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ የሚያስፈልገው ኀይል፣ ሰበቃውን ሳንቈጥር፣ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ነው፤ በትክክል 0.86 ገደማ ይሆናል። በቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ቢሆን፣ እንጀራ እየጋገረ በሩብ ሰዓት የሚጨርሰው ኀይል ማለት ነው። አሥራ ስምንት ሰው ሰማይ ላይ የሚያወጣው ኀይል የአንዲት እናት የሩብ ሰዓት ጋገራ መሆኑ ብዙዎቻችንን ሳያስደንቅ አይቀርም።

ችግሩ የኀይሉ ብዛት ሳይሆን የጊዜው ማጠር ነው። ሦስቱ ግፊቶች በጠቅላላው 6 ሰከንድ ቢፈጁ፣ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ የሚፈለገው ከ500 ኪሎዋት በላይ ይሆናል። ይህም ወደ 150 የሚጠጉ ምጣዶችን በአንድ ቅጽበት አብርቶ በአንድ ቅጽበት እንደ ማጥፋት ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኀይል ማመንጫ የሆነው፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራውና ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከቈየ በኋላ ታድሶ በ2016 ሥራ የጀመረው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ፣ አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነው። እንግዲህ አንድ መጫወቻ ለጥቂት ሰከንድ ከአባ ሳሙኤል አቅም አሥራ ሦስተኛውን እጅ ይጠይቃል ማለት ነው። የጎረቤት መብራት እንዳይርገበገብ ከተፈለገ አስቀድሞ ኀይል የሚያጠራቅም መሣሪያ ከመጫወቻው አጠገብ ማቆም ያሻል።

የዥዋዥዌው ገፊ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ገመዱ 4 ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ምልልስ 4 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ልጁ ቢወፍርም ቢቀጥንም ጊዜው ያው ነው፤ ከፍታው እጅግ እስካልበዛ ድረስም ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ ገፊው በእጁ መቍጠሪያ ሳይዝ፣ በሰውነቱ ብቻ ምቱን ያውቀዋል። በሐዲዱ ላይ ግን የምልልሱ ጊዜ እንደ ግፊቱ መጠን ስለሚለያይ፣ ባቡሩ የት እንደ ደረሰ የሚያዩና ለሞተሩ የሚነግሩ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። ልጅ በዜማ የሚያደርገውን መኪናው በመሣሪያ ቍጥር ያደርገዋል።

4. የተሳካለት ነገር

ሥራው የተሳካለትን በቅንነት መናገር የሂስ የመጀመሪያ ግዴታ ነው። እኔ ሦስት ነገር አይቼበታለሁ።

አንደኛው፣ አለመድረስን የሥራው ክፍል ማድረጉ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ግፊቶች እንዳያደርሱ ተብለው የተመጠኑ ናቸው። ተሳፋሪው ጫፉን ያየዋል፣ ይቀርበዋል፣ ሳይደርስበት ይመለሳል። ይህ ለስሜቱም ለደኅንነቱም ያገለግላል። ሦስተኛው ግፊት በሆነ ምክንያት ቢያንስ፣ ባቡሩ የሚያደርገው ነገር ቀድሞ ሁለት ጊዜ ያደረገውን ነው፤ ይመለሳል፣ ይወዛወዛል፣ በዝቅተኛው ቦታ ያርፋል። በእንዲህ ያሉ ባቡሮች የሚሠራበት የማግኔት ፍሬንም በሚሮጥ ብረትና በማግኔት መካከል በራሱ በሚፈጠር ኀይል የሚይዝ ስለ ሆነ፣ መብራት ቢጠፋም ማብረዱን አይተውም። መብራት መጥፋት እንግዳ ባልሆነበት አገር ይህ ትንሽ ምስጋና አይደለም።

ሁለተኛው፣ በጫፉ ላይ የመረጠው ዝግታ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነገር በኀይሉ ሊወጣ የሚችለው ከመነሻው 39 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የጐደለውን የሚሞላው መነሻ ሐዲዱ ከመሬት ከፍ ብሎ መዘርጋቱና ባቡሩ ረዥም ሆኖ በጫፉ ላይ መታጠፉ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ጫፉን የሚያልፈው ለጥቂት ነው፤ እንደ ደከመ ሰው እያዘገመ። ሌሎች ሥራዎች ሰውን በፍጥነት ሲገለብጡ ሰውዬው ወደ መቀመጫው ይጫናል እንጂ መገልበጡን አያውቀውም። ይህኛው ግን ዝግ ብሎ ስለሚገለብጥ ተሳፋሪው በመታጠቂያው ላይ ተንጠልጥሎ የገዛ ክብደቱን ያውቀዋል። በዥዋዥዌ ጫፍ ላይ ገመዱ ላላ ሲል ልብን ስንጥቅ የምታደርገዋ ቅጽበት እዚህ ጥቂት ሰከንድ ተሰጥቷታል። የሥራው ምርጥ ቦታ ይኸ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው፣ ሁሉም ነገር በአንድ ቦታ መታየቱ ነው። ሰፊ ሜዳ በሚይዘው ሮለር ኮስተር ባቡሩ ከዛፍና ከሕንጻ ጀርባ ይሰወራል። ይህ ግን ቦታው ጠባብ ስለ ሆነ ከሥር የቆመ ሰው መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ያያል። ወንድሙ ሲጮኽ ይሰማል፤ ፊቱንም ይለያል። መሬት መቈጠቡ ያላሰበውን በጎ ነገር አመጣለት ማለት ይቻላል።

5. የጐደለው ነገር

የመጀመሪያው ጕድለት ስሙ ላይ ነው። ይህ ንድፍ በ2012 በካሊፎርኒያ በሲክስ ፍላግስ ዲስከቨሪ ኪንግደም ሲከፈት የሥዕል መጽሔቱን ጀግና የሱፐርማንን ስም ያዘ። በ2015 በቨርጂኒያ በቡሽ ጋርደንስ ሲተከል ቴምፔስቶ ተባለ። በ2018 በሳን ዲዬጎ በሲወርልድ የኤሌክትሪክ ዓሣ ስም፣ በ2019 በታምፓ የነብር ስም ወጣለት። ጀግናውም፣ ዓሣውም፣ ነብሩም የሚሄዱት በአንድ ዐይነት ጐዳና ነው። ሥራው ስለ ነብር ምንም የሚያውቀው የለም፤ ዕውቀቱ ሁሉ ስለ መገፋትና ስለ መመለስ ነው። ለአቃቂ ቢመጣ አንበሳ ተሥሎበት፣ የአገር ቀለም ተቀብቶ «የራሳችን» ይባል እንደ ነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። እንዲህ ያለው ቀለም ግን ሥራውን የኛ አያደርገውም። ዥዋዥዌ ስም ሳይወጣለት፣ ሥዕል ሳይሣልበት የኖረው ሥራው ራሱ ተናጋሪ ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛው ጕድለት ተሳፋሪውን ሥራ መፍታቱ ነው። በዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ ወደ ፊት ሲሄድ እግሩን ይዘረጋል፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ያጥፋል። የቆመ እንደ ሆነ ጕልበቱን እያጠፈና እየዘረጋ ይወዛወዛል። ይህን በሚገባ የተማረ ልጅ ገፊ ሳያስፈልገው ራሱን ከፍ ያደርጋል። ማንም ሳይነግረው ምትን፣ ሚዛንንና ትዕግሥትን ተምሯል፤ እኛ በቤተ ሙከራ ቀመር ጽፈን የምናጠናውን እርሱ በጕልበቱ ያውቀዋል። በስካይ ሮኬት 2 የተቀመጠው ሰው ግን ቢበረታም ቢደክምም፣ ቢያውቅም ባያውቅም ለባቡሩ ልዩነት የለውም። እንደ ሰው ገብቶ እንደ ጭነት ይጓዛል።

ሦስተኛውና ትልቁ ጕድለት ከሥር ያለው ሰው ነው። የጽሑፌም አርእስት የተወሰደው ከዚህ ነው። ባቡሩ አንድ ሲሆን 18 ሰው ይጭናል። ለማውረድ፣ ለመጫንና መታጠቂያ ለመፈተሽ ሁለት ደቂቃ ቢጨመር፣ አንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በሰዓት 20 ዙር፣ 360 ሰው ማለት ነው። እንግዲህ በበዓል ቀን 360 ሰው ከፊቱ የቆመ ሰው ስድሳ ደቂቃ ቆሞ አንድ ደቂቃ ይጫወታል። በዚያች ሰዓት ውስጥ ያለው ድርሻ አጥር ተደግፎ ወደ ላይ ማየት ነው። ማየቱ መልካም መሆኑን ከዚህ በላይ ተናግሬአለሁ፤ ነገር ግን ስድሳ ደቂቃ አይሞላም።

በዥዋዥዌው ሥር ግን ሥራ ፈት የለም። ብዙ ጊዜ የሚገፋው ቀጥሎ የሚወጣው ልጅ ነው፤ ሌሎቹ ግፊቱን ይቈጥራሉ፣ ተራ ያስከብራሉ፣ «አታጭበርብር» ይላሉ። አምስት ልጆች ቢሆኑ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ሌላውን ጊዜ ገፊ፣ ቈጣሪና ዳኛ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ መጠበቁ ተከፋፍሎ ጨዋታ ሆኗል። የላይኛው ልጅ ከፍታውን ያገኘው በታችኛው ክንድ ስለ ሆነ፣ ሲወርድ ብድሩን ይከፍላል። ኤሌክትሪኩ የገፊውን ድካም ሲወስድ ይህን መተሳሰብ አብሮ ወሰደው።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ የአደጋ ነው። መጫኛ ይበጠሳል፤ ቅርንጫፍ ይገነጠላል፤ ክፉ ገፊም አለ። ስካይ ሮኬት 2 ግን በየዕለቱ ከመከፈቱ በፊት ይመረመራል፤ መታጠቂያው ካልተቈለፈ አይነሣም። ይህ እውነት ነው፤ ዥዋዥዌን ያለ ምርመራ ማመስገንም ስንፍና ነው። ነገር ግን ተቃውሞው የሚያስተምረን ዥዋዥዌውን በሚገባ እንድንሠራው ነው። የጠነከረ ምሰሶ፣ የተመረመረ ገመድ፣ ከሥሩም ለስላሳ አፈር ማድረግ ከኛ ዕውቀት በላይ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ሰው ሁሉ ሊገፋና ራሱን ሊያወዛውዝ አይችልም። እግሩ የማይታዘዝለት፣ ሽማግሌው፣ በፋብሪካ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ሠራተኛ ተቀምጦ መወሰድ ቢፈልግ ምን ነውር አለው? ለደከመ ሰው ጭነት መሆን ራሱ ዕረፍት ነው። ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም አንድ ሰው እንዲያርፍ ሌላው ስድሳ ደቂቃ ሥራ ፈቶ ይቁም የሚል ሕግ ከዚህ አይወጣም። የደከመው የሚቀመጥበት፣ ያልደከመው የሚገፋበት መጫወቻ ሁለቱንም ያገለግላል።

ሦስተኛው፣ ዘመናዊ ነገር ለዳርቻ ሠፈር ሲመጣ ለምን ይነቀፋል፣ አቃቂ እንደ ሌላው ከተማ ሊደሰት አይገባውምን የሚል ነው። ይገባዋል። ደግሞም ከመሐል ከተማ የተረፈ ነገር ሊሰጠው አይገባም። ነገር ግን ተገዝቶ የሚመጣ መኪና መለዋወጫው፣ መርማሪውና ጠጋኙ አብረው ከውጭ የሚመጡ ከሆነ፣ አንድ ቀን ቆሞ ዝገት መልበሱን መፍራት ጠማማነት አይደለም። ሲሮጥ የሚያስደስት ሐዲድ ሲቆም ከምንም የሚከፋ ባዶ ብረት ነው።

7. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የደረስሁበት ፍርድ የሚከተለው ነው። ስካይ ሮኬት 2 ብልህ ሥራ ነው። ጠባብ መሬት ያመጣበትን ችግር ደጋግሞ በመግፋት ፈቷል፤ ከጫፉ አለመድረስን ወደ ጨዋታነት ለውጧል፤ በጫፉም ላይ ከፍጥነት ይልቅ ዝግታን መርጧል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ከእርሱ መማር ይገባናል። ገፊውን ግን ከሰው ወደ ሞተር በማዛወሩ የተሳፋሪውን ጕልበትና የጠባቂውን ድርሻ ወስዷል። ለአቃቂ ሊወሰድ የሚገባው ሐሳቡ ነው፤ መኪናው አይደለም።

ይህ በአየር ላይ የቀረ ምኞት እንዳይባል አንድ ሥራ አመለክታለሁ። በእንግሊዝ አገር የበዓል ሜዳዎች ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው ገመድ እየሳቡ የሚያወዛውዙት የጀልባ ዥዋዥዌ የቈየ ልማድ አለው። እንዲህ ያለውን ጀልባ ስምንት ሰው እንዲይዝ፣ ገመዱንም ተራ የሚጠብቁት ከመሬት እንዲስቡት አድርገን ብንነድፈው ምን ይሆናል? ጀልባው ከነሰዎቹ አንድ ቶን ቢመዝን፣ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኀይል 9.8 ኪሎጁል ነው። አንድ ሰው ሳይደክም 75 ዋት ያህል መስጠት ይችላል፤ አሥር ጠባቂዎች ምታቸውን አስተካክለው ቢስቡ ሰበቃውን ሳንቈጥር በሩብ ደቂቃ ያደርሱታል። ምቱን ለማስተካከል መዝፈን ወይም መቍጠር ይኖርባቸዋል፤ ይህም ጨዋታውን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። ትንንሽ ልጆች ገመዱን የሚይዙበት ዝቅ ያለ ቦታ፣ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው የሚገባበት ሰፊ መቀመጫም ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ መግባት አለበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብረት፣ ኩሽኔታና ገመድ ነው። አቃቂ ደግሞ ብረት ማቅለጥና መለዋወጫ መሥራት ለአገሩ ባዕድ ያልሆነበት ሠፈር ነው። በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቂሊንጦ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመካኒክስ ተማሪዎች ሞዴሉን ሠርተው ስንት ስበት ስንት ዲግሪ እንደሚያወጣ ቢለኩ፣ የሕንጻ ምህንድስና ተማሪዎች የምሰሶውን ጥንካሬ ቢመረምሩ፣ የባህል ጥናት ተማሪዎች ደግሞ የዥዋዥዌን ዜማ፣ የተራ አጠባበቅና የዳኝነት ልማድ ከየሠፈሩ ቢሰበስቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ መጽሔት ላይ ከግምት ይልቅ መለኪያ ይዘን ልንከራከር እንችላለን።

እስከዚያው ድረስ፣ ማናቸውም መጫወቻ ለአቃቂ ሜዳ ሲታሰብ፣ ስለ ከፍታውና ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቃችን በፊት ተራ የሚጠብቀው ሰው ምን ይሠራ ዘንድ እንደ ታሰበለት እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። የንድፉ ወረቀት ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለው ገና አላለቀምና ወደ ነዳፊው ይመለስ።